ከኋላህ ነው!

የጥር ብርድ ነበር፣ ጆሮ የሚቆርጠው፣
የጠባሴን ሜዳ በውርጭ የሚያነጣው፤
አባቴ ከሥራ አምስት ትኬት ይዞ
ገባ፤ እንደ ሌባ ልጅ በር ላይ ተይዞ።
«በግማሽ ዋጋ ነው፣ ለእኛ ለሠራተኛ፣»
አለና ዝም አለ፤ ዞረ ወደ እኛ።
«በዚህ ስንት ኪሎ ስኳር ይገዛል!» አለች
እናቴ፤ ብላም የክት ጫማዋን ከአልጋ ሥር ጎተተች።

አባቴ ሃያ ዓመት፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ከሽመናው ማሽን
አጠገብ ቆሞ ነው ያሳደገን እኛን፤
ማሽኑ ጆሮውን ግማሹን በልቶታል፣
የቀረውን ግማሽ ለዜና ይዞታል።
ቤት ውስጥ የሚያዘወትራት ቃል «ዝም በሉ» ነበረች፤
ለማይሰማ ጆሮ ምን እንደምትጠቅም እንጃ፣ ብቻ አለች።

አዳራሹ ሞልቷል። ሰው በጋቢ ላይ ካፖርት፣
ከየአፉ ጭስ ይወጣል እንደ ሣር ክዳን ቤት፤
ናሁሰናይ፣ ታናሼ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ
ቆሎ ይቆረጥማል፣ ኪሱን እየለካ።
መጋረጃው ሄደ። ግማሹ ተያዘ።
አንድ እጅ ብቅ ብሎ ጎተተው፣ ታገዘ።
ከዚያ እትዬ ድንቄ ወጡ፣ ትከሻቸው እንደ በር፣
ቀሚሳቸው ከጉልበት፣ ጢማቸው ሳይቀር።
የሒሳብ መምህሬ! መምህር ወርቅአፈራሁ!
ትናንት ክፍልፋይ አልገባሽም ብሎ የቆነጠጠኝ፣
ዛሬ ሊፒስቲክ ተቀብቶ «ባል ፈልጉልኝ» አለኝ።

ፈረስም ነበረ፣ ሁለት ሰው በሆዱ፣
ፊቱ ወደ አንኮበር፣ ኋላው ወደ መንዝ መንገዱ።
ጎኑ ሲተረተር፣ አባቴ በክርኑ ጎሰም አድርጎኝ፣
«ያ የእኛ ብርድ ልብስ ነው» አለኝ፣
«ቁጥር አራት፣ ግራጫው።
ስፌቱ ነው እንጂ ጨርቁስ አይቀደድም።»
እንዲህ ሲኮራ አይቼው አላውቅም።

ድሃ አደጉ ልጅ፣ የርስቱን ውል ይዞ፣
ሊደብቀው ሲል ወደ ጥጉ ተጉዞ፣
አራጣ አበዳሪው፣ ባለ ጥቁር ካባ፣
በድመት እርምጃ ከጀርባው ሲገባ፣
አዳራሹ ፈላ፦ «ከኋላህ ነው! ዙር!»
ልጁ ሲዞር ያም ይዞራል፤ ጥላ እንኳ እንዲህ አይዞር።
«የለም!» ይላል ልጁ። «አለ!» ይላል ሕዝቡ።
«የለም!» «አለ!» «የለም!» ሽማግሌዎች በከዘራ ወለሉን ደበደቡ፤
የናሁሰናይ ቆሎ ወንበር ሥር ፈሰሰ፣
የእናቴ ነጠላ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ላይ ደረሰ።

ከዚያ ጸጥታ። ማሲንቆ ሊቃኝ ነው።
ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ አባቴ ተነሣ።
ነገሩ በግማሽ ጆሮው አሁን ገና ደርሶት፣
በማሽኖች መካከል ሰው እንደሚጣራ
ሃያ ዓመት ያጠራቀመውን ድምፅ አወጣው፦
«አንተ ልጅ! ከኋላህ ነው! ከኋላህ!»

ልጁ ኋላ የነበረው ከበሮ ብቻ ነው።
አስካለ፣ ትልቋ እህቴ፣ «አላውቀውም» ብላ ፊቷን አዞረች።
እትዬ ድንቄ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እጅ ነሡ፦
«ሰምተናል ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤
ባል ሲመጣም እንዲሁ ይጩሁልን።»
አዳራሹ ፈረሰ በሳቅ።
አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ወንበሩ ቢውጠኝ በወደድኩ።
በጣቶቼ መካከል ሾልኬ አየሁ፦
አባቴ አፉን ከፍቶ ይስቃል።
የጎደለ ጥርስ እንዳለው ያን ማታ ነው ያወቅሁ።

ጋሪ አጥተን በእግር ተመለስን።
ውርጩ ከጫማችን ሥር እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።
«ሰው ሁሉ አየህ እኮ» አለችው እናቴ፣ ሁለት ጊዜ።
ሁለተኛውን ሰማ። «ይየኝ» አላት።

ቤት፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣
ናሁሰናይ የፈረሱ የኋላ እግር ሆኖ ሲራገጥ፣
ከግድግዳው ማዶ እናቴ ተቆጣች፦
«ዛሬ እንቅልፍ የለም እንዴ?»
«የለም!» አልን ሦስታችንም።
ጸጥ አለ።
ቆየ፤ የተኛን እስኪመስል ቆየ።
ከዚያ በጨለማው፣ ዘግይቶ፣ ከማዶ፦
«አለ!»